ማማው ደንገጎ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ በራሳቸው ማስተላለፊያ ከሩቅ ሰው ጋር ስለሚነጋገሩበት ሥራ፣ ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ አንብበናል። ጉዳዩ በአማርኛ ጋዜጣ መነሳቱ ያስደስታል፤ መደምደሚያው ግን ሳይታረም እንዲያልፍ አንፈልግም። ከፍ ያለ ማማ፣ ሰፊ ግቢና ጠርቀም ያለ ገንዘብ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል የሚል መንፈስ አለው። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ይልቅ በጀርባ ቦርሳ ከከተማ የወጣ ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ብዙ ሰው ያገኛል። ምክንያቱን ከነአሠራሩ እንጽፋለን።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ሕገወጥ ነው፤ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ የሚታለፍ ነገር የለም። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከውጭ ስለሚገባ ማስተላለፊያም ዕቃው ከመገዛቱ በፊት እዚያው መጠየቅ ይገባል። ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይመጣል ማለት ዕቃውን መጋዘን ማስቀረት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በአየር ላይ የሚታወቅበት የጥሪ ስም በአገራችን በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክለብ ጣቢያ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የሞገድ ቁጥሮች ኢትዮጵያ ባለችበት የዓለም ክፍል አማተሮች የተለማመዷቸው ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን በእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ላይ የተጻፈው ነው።

ዝቅተኛ ኃይል የሚባለው በሞርስ፣ ማለትም ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ ሲላክ፣ እስከ 5 ዋት፣ በድምፅ እስከ 10 ዋት ነው። ከ100 ወደ 5 ዋት መውረድ ትልቅ ኪሳራ ይመስላል፤ የኃይል ልዩነት በሚለካበት በዴሲቤል ሲሰላ 13 ብቻ ነው። በተቀባዩ ሬዲዮ መለኪያ ላይ አንድ እርከን 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ 7 ላይ ይሰማ የነበረ ድምፅ ወደ 5 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ይደክማል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱን እርከን ደግሞ ጥሩ ቦታ ይመልሳቸዋል።

የከተማ ቤት ችግር መስማት ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የቴሌቪዥን ዲኮደር፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም ውስጣቸው በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ አላቸው። የእሱ ፍርፋሪ በመብራት ገመዱ ተሳፍሮ አጭር ሞገዱን በሙሉ ይሸፍነዋል። ዝገት የያዘው የቆርቆሮ ጣራ መጋጠሚያም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፈው ዳዮድ እየሠራ የራሱን ቅልቅል ይጨምራል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው መብራት የሚጠፋበትን ማታ ይጠብቅ፤ ሰፈሩ ሲጨልም ሬዲዮው ይከፈታል፣ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ካልቀደመ።

ከቤት ሲወጡ የጸጥታውን ቦታ ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አጭር ሞገድ የሚይዝ ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ነጥብ ላይ አድርጎ በእጅ ይዞ መሄድ ነው። ሹክሹክታው ከመብራት ምሰሶ ሥር ይበረታል፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች 200 ሜትር ያህል ሲርቁ አብዛኛውን ጊዜ ይሰክናል። በጉዞው ላይ ድንገት ከጮኸ በአካባቢው የተበላሸ ስኒ (ገመዱን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ) ያለው ምሰሶ አለ ማለት ነው። ድሬ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚሄድበት የ25 ሺህ ቮልት መስመር አለ፤ ለጸጥታውም ለደኅንነቱም ከእሱ መራቅ ነው። አንቴና ሲዘረጋ ከማንኛውም የመብራት ገመድ ያለው ርቀት ቢያንስ የሽቦው ርዝመት ሁለት እጥፍ ይሁን። ነፋስ ሽቦውን ወዴት እንደሚወስደው አያማክርም።

አሁን ወደ ርዕሳችን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ተዳፋት ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ነው። አውሮፓ ከእኛ ወደ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ነው። ወደሚፈለገው አቅጣጫ በሚወርድ ገደል አናት ላይ የተሰቀለ አንቴና ሞገዱን ዝቅ ባለ ማዕዘን ይለቃል፤ ዝቅ ያለ ማዕዘን ደግሞ ሩቅ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ይህን ለማግኘት ረጅም ማማ መትከል ያስፈልጋል። ከድሬ ሚኒባስ ተሳፍሮ ተዳፋቱ አናት ላይ ባለችው ደንገጎ ወርዶ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጥቂት ከተሄደ ማማው ተተክሎ ይጠብቃል። አማተሮች ዓለምን በሚከፋፍሉበት የካርታ ሰሌዳ ደግሞ ድሬ ኤልጄ09፣ ሐረር ኤልጄ19 ውስጥ ነው የሚውሉት፤ የ42 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር በሁለቱ መካከል ያልፋል። ሰሌዳ የሚሰበስብ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ድሬ ከሰዓት ሐረር ሆኖ ሁለቱን መስጠት ይችላል።

ለሩቅ ግንኙነት የምንመክረው አንቴና በአንድ ጫፉ የሚመገብ የግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። ርዝመቱ 143ን በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፤ ለ14.060 ሜጋኸርዝ 10.17 ሜትር ይመጣል። የፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከዚህ ትንሽ ማጠር ስለሚፈልግ ሰው አሳጥሮ ቆርጦ ይጸጸታል። 10.40 ሜትር ቆርጦ መስቀል፣ አንቴናው በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚስማማ መለካት፣ ከዚያ ማስላት ይሻላል። ለምሳሌ 13.70 ላይ ከተስማማ፣ 10.40 ሲባዛ በ13.70 ሲካፈል ለ14.06፣ 10.13 ሜትር ይሆናል፤ 27 ሳንቲም ትርፍ አለ። ከትርፉ 20 ሳንቲም ቆርጦ እንደገና መለካት፣ የቀረውን ሳይቆርጡ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፎ በራሱ ላይ መጠምዘዝ። ሌላ ቦታ ላይ መርዘም ካስፈለገው ይፈታል።

ሽቦው የስፒከር ገመድ ለሁለት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ ያለው ግን ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከመክፈል በፊት ጫፉን በቢላ መፋቅ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ ይቅር። አይበየድም፣ አሥር ጊዜ ከተጠቀለለ በኋላም ይበጠሳል፣ መበጠሱም ልባሱ ውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም።

የግማሽ ሞገድ ጫፍ ተቃውሞ ወደ 2,500 ኦም ይጠጋል፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ነው። የሚያስታርቃቸው ትራንስፎርመር ነው። ኤፍቲ114-43 የሚባል 29 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፌራይት ቀለበት ላይ ለሬዲዮው ወገን 2 ዙር፣ ለሽቦው ወገን 14 ዙር። 14 ለ2 ሲካፈል 7፣ 7 በራሱ ሲባዛ 49፤ 50 በ49 ሲባዛ 2,450። ዙር የሚቆጠረው ሽቦው በቀዳዳው ባለፈ ቁጥር ነው፤ አንድ ጊዜ ያለፈ አንድ ዙር ነው። ብዙ ሰው ከውጭ የሚታየውን ጥምዝ ቆጥሮ 3 እና 15 ይሠራና አንቴናው እምቢ አለ ይላል። በሬዲዮው ወገን 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን ይታሰራል፤ ከፍ ባሉት ሞገዶች ላይ ይረዳል። በ5 ዋት እዚያ ላይ ያለው 16 ቮልት ገደማ ስለሆነ ባለ ብዙ ሺህ ቮልት ካፓሲተር መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። ሌላው ጫፍ ላይ ግን 110 ቮልት ገደማ አለ፤ ሲላክ ሽቦውን የነካ ጣት ትንሽ ይቃጠላል።

ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫና ነጭ ቀለበት ለዚህ አይሆንም። ቅርጹ አንድ ነው፣ ማዕድኑ ግን ሌላ ነው፤ ኃይሉን ውጦ ይሞቃል። የኤናሜል ሽቦም ጫፉ በምላጭ እስኪያበራ ካልተፋቀ ብየዳው የያዘ መስሎ ይቀመጣል እንጂ አይዝም። ከምናውቃቸው የማይሠሩ ትራንስፎርመሮች ግማሽ ያህሉ ችግራቸው ይኸው ነበር።

መስቀያው ዛፍ ከሆነ፣ አንድ ሦስተኛው ውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ሲባጎ አስሮ መወርወር ነው። ድንጋይ ወርውሮ የሰው ልጅ ራስ ላይ ከመጣል ይሻላል። ድሬ ዙሪያ ያለው ግራር እሾሃም ስለሆነ ሲባጎውን ይነክሳል፤ ከያዘ በኃይል መጎተት የለም፣ ለቅቆ ከሌላ ወገን መሳብ ነው። የሽቦው ጫፍ ቅርንጫፍ እንዳይነካ የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ሲባጎ ብቻ ይሁን፤ ቅጠል ከነካ ልኬቱ ይለዋወጣል። ዛፍ በሌለበት 6 ሜትር የሚሆን ተዘርጊ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከድንጋይ ካብ ጋር ታስሮ ያገለግላል። ፋይበርግላስ ይሁን፣ ካርቦን የሆነው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንቴናውን ያበላሻል።

ወደ አዲስ አበባ ለመነጋገር ግን ገደሉ አያስፈልግም። በአየር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ቢዘንብ ይሻላል። 7.030 ሜጋኸርዝ ላይ እያንዳንዱ ክንፉ 10.17 ሜትር የሆነ አንቴና መካከሉን 6 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ጫፍ እንደ ድንኳን ወደ መሬት ማውረድ ይበቃል። ዝቅ ማለቱ እዚህ ጥቅም ነው። ከእሱ ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ቀጭኑ አርጂ-174 ገመድ ለቦርሳ ይመቻል፤ ይሁንና 14 ሜጋኸርዝ ላይ በ10 ሜትር ከ1 ዴሲቤል በላይ ይበላል፣ ስለዚህ ከ6 ሜትር አይብለጥ። በምኒልክ ዘመን ሐረርና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክና የቴሌግራም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ጠይቆ ነበር፤ ለዚህኛው 20 ሜትር ተኩል ይበቃል።

አንቴናው መስማማቱን ለማወቅ ውድ መለኪያ የሌለው ሰው በሦስት ሬዚስተርና በአንዲት ኤልኢዲ ድልድይ የሚባለውን መለኪያ ይሥራ። ሦስቱም 50 ኦም ናቸው፤ ሁለት ባለ 100 ኦም 1 ዋት ጎን ለጎን ሲታሰሩ አንዱን ይሰጣሉ። አራተኛው ክንድ አንቴናው ነው። በሁለቱ መካከለኛ ነጥቦች መሃል ትንሽ ዳዮድ፣ 1 ኪሎ ኦምና ኤልኢዲ ይገባሉ። ኤልኢዲዋ ስትደበዝዝ አንቴናው ተስማምቷል፣ ስትፈካ አልተስማማም። አንቴናው ቢበጠስ እንኳ ሬዲዮው የሚያየው አለመስማማት ከ2 ለ1 የባሰ አይሆንም፣ ስለዚህ ትራንዚስተሩ አይቃጠልም። አንድ ወጥመድ አለ፦ በድልድዩ ውስጥ ሲታለፍ ወደ አንቴናው የሚሄደው የኃይሉ ሩብ ብቻ ነው። ለክቶ ሲያበቃ ድልድዩን ከመንገዱ የሚያወጣውን ማብሪያ መመለስ የረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ በ1.25 ዋት ይጣራል።

ባትሪ ላይ የድሬ ሙቀት መታሰብ አለበት። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ርካሽ ነው፣ ግን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፣ 12.8 ቮልት 3 አምፒር ሰዓት፣ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሒሳቡ ይህ ነው፦ ሲሰማ 0.3፣ ሲልክ 1.2 አምፒር የሚወስድ ሬዲዮ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ አምስተኛውን ጊዜ ቢልክ 1.44 አምፒር ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሹ ይተርፋል። ከላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን ሦስት አድርጎ ማሰርም ይቻላል፤ ያለ መከላከያ ሰሌዳና ያለ 3 አምፒር ፊውዝ ግን ቦርሳ ውስጥ እሳት ተሸክሞ መሄድ ነው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ሬዲዮው ጋ አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ባትሪ ትኩስ እያለ ቻርጅ አይደረግ፤ ቤት ገብቶ እስኪበርድ ይጠብቅ። ሬዲዮውም በነጠላ ወይም በነጭ ጨርቅ ጥላ ሥር ይቀመጥ። በኮምፒውተር በሚተረጎመው ኤፍቲ8 የሚሠራ ሰው በየ15 ሰከንዱ ተራ 12.6 ሰከንድ ያለማቋረጥ ስለሚልክ፣ እንደ ያኤሱ ኤፍቲ-817 ያለው ትንሽ ሬዲዮ በድሬ ቀትር ቶሎ ይግላል፤ ወደ 2.5 ዋት ማውረድ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ከሙቀቱ ጋር መስማማቱ የእግረኛ ዕድል ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የምታጠነክረው የታችኛው የአየር ንብርብር 7 ሜጋኸርዝን ይውጠዋል፤ አዲስ አበባን ለመስማት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። አውሮፓ በ14 ሜጋኸርዝ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ይመቻል። ሁለቱም ሰው መራመድ የሚችልበት ሰዓት ነው። አሁን ያለው የፀሐይ ዑደት በ2024 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጫፍ ላይ ስለደረሰ 21 እና 28 ሜጋኸርዝም ቀን ላይ ገና ሕያው ናቸው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድምፁ እንደ ክንፍ ሲርገበገብ ሬዲዮው ተበላሸ አይባል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ሞገዱን መልሶ የሚያወርደው የላይኛው ንብርብር በዚያ ሰዓት ይናወጣል። እንዲያ ሲሆን ከድምፅ ሞርስ ይሻላል፣ ሞርሱም ቀስ ያለ ይሁን። ዝቅተኛ ኃይል ያላቸው የሚጣሩባቸው 7.030፣ 14.060፣ 21.060 እና 28.060 ናቸው፤ በ5 ዋት አዘውትሮ ከመጣራት ይልቅ የሚጣራን ሰው ማዳመጥና መመለስ የበለጠ ያዋጣል።

የት መሄድ እንደማይገባም እንጻፍ። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሰፊና ጸጥ ያለ ስለሆነ ያታልላል። ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ድሬ ሰማይዋ ጠርቶ እያለ ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። በበልግና በክረምት አሸዋው ላይ አንቴና አይዘረጋ። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅሎ መራቅ ነው። ሐረር ላይ ሀኪም ጋራ ጥሩ ከፍታ ነው፣ ሰው የሚያከብረው ስፍራም ስለሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። ጀጎል ውስጥ በግንቡም ሆነ በአምስቱ በሮች ላይ ሲባጎ ማሰር ነውር ነው፤ ግንቡን በእግር መዞር እንጂ። ማምሻውን ደግሞ ጅቦቹ ይወጣሉ። ከሰው ጋር ቢለማመዱም ጨለማ ውስጥ ሽቦ እየጠቀለሉ ከእነሱ ጋር መገናኘት ደስ አይልም።

ሽቦ የሚወረውር ሰው ያስጠረጥራል፤ ይህ መታወቅ አለበት። ከወታደር ካምፕ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከቴሌ ማማ አጠገብ ፈጽሞ አይሆንም። ሐሮማያና አወዳይ አካባቢ ደግሞ የጫት ማሳ ዳር የቆመ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሌብነት ነው። ስለዚህ ቦርሳ ከመፈታቱ በፊት የማሳውን ባለቤት ፈልጎ ሰላምታ መስጠት፣ «ኦቦ፣ ሬዲዮ ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ፈቃድ አለን» ማለት፣ የፈቃዱን ቅጂ በፕላስቲክ ሸፍኖ ከላይኛው ኪስ መያዝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲኬድ የጆሮ ማዳመጫውን ለልጆቹ አውሶ ሞርሱን ማሰማት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጥ ያግባባል። ቀጥሎ ዛፍ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ሸክሙ፣ ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ አንቴና፣ ዘንግ፣ ሲባጎ፣ ፒንሳና ፕላስተር ተደምሮ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። ከድሬ ለሚወጣ ሰው የሚከብደው ሌላ ሳይሆን 3 ሊትሩ ውሃ ነው።

መዝገብ ላይ አንድ ስህተት ስለሚደጋገም በእሱ እንጨርስ። ግንኙነት የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእኛ ሰዓት ለመለወጥ በቀን 3፣ በሌሊት 15 መደመር ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት 11 ይሆናል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17። ድምሩ 24 ከሞላ 24ን መቀነስ። ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተመዘገበ የሌሊት ግንኙነት ገና የትናንቱን ቀን ይይዛል፣ ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ይህን የሳተ ሰው ግንኙነቱ ካነጋገረው ሰው መዝገብ ጋር አይገጥምም።

ከአክብሮት ጋር፤
ጥቂት በእግር የሚሄዱ የሬዲዮ አማተሮች፣ ከድሬዳዋ